ሁለት ጊዜ የተነቀለው ጥርስ

አንድ ጥርስ ሁለት ጊዜ አይነቀልም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም፤ አንዴ ጉጠት የገባበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን ይህንኑ ተራ እውነት እንደ ትልቅ ግኝት ታቅፌ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የመስከረም ሳምንት፣ የአንድ ሰው የእንጀራ ገመድ ልበጥስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገሩ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ የሆነ ነው። እንዳለ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እወቁልኝ፤ አለበለዚያ ጥፋቱ የሌላ ሰው ይመስላችኋል። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ አስተማሪ ነው። እኔ እዚያው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ተወልጄ አደግሁ። ኦሮምኛ እናገራለሁ፤ ገበያ ላይ ግን ገና «አካም» ብዬ ሰላም ስል ዋጋው ከፍ ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተማርኩ። ከዚያ ከርዕሰ መምህሬ ጋር በአንድ የፈተና ጥያቄ ተጣላን። ትክክል የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ትክክል መሆኔ ግን ሥራዬን አላተረፈልኝም። መጣጥፍ እጽፍ ነበር፤ አሁንም እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ ነጭ ያለውን ጥቁር ካላልኩ ቀኑ የባከነ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። ብዙ አነብባለሁ። ብዙ ማንበብ ሰውን ትሑት ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ብዙ ያነበበ ሰው አያውቁም።

እንዲህ ያለውን ሰው የቀጠረው ለመምህራን የሕክምና መድን የሚሰጥ አንድ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም። ሥራዬ ክሊኒኮች የሚልኩትን የጥርስ ሕክምና የክፍያ ቅጽ መመርመር ነበር። እያንዳንዱ ሕክምና ኮድ አለው፤ ቀላል ነቀላ አንድ ኮድ፣ የመንጋጋ ጥርስ ነቀላ ሌላ ኮድ፣ ሙሌት ሌላ። ከኮዱ ጎን የጥርሱ ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው አኃዝ አፍ ውስጥ የት በኩል እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ከፊት ከመሃል ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ። 36 ማለት በታች በግራ በኩል ስድስተኛው ጥርስ ነው። ከስድስተኛው ጀምሮ ያሉት ትልልቆቹ መንጋጋዎች ናቸው፤ አምስተኛው ትንሽ ነው። ይህን ብቻ ከያዛችሁ ይበቃችኋል።

እኔ ስገባ ክሊኒኮቹ በየራሳቸው መንገድ ይጽፉ ነበር። አንዱ የተምታታ ቁጥር ይልካል፤ አንዱ ከቁጥሩ ይልቅ «ወደ ኋላ ያለው ትልቁ» ብሎ ይጽፋል። ተናደድኩ። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ፣ በጣቴና በምላሴ የራሴን ጥርስ ቆጠርኩና አንድ ገጽ መመሪያ ጻፍኩ። «ከፊት ከመሃል ጀምራችሁ ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ቁጥር ጻፉ። በግምት የተጻፈ ቅጽ ይመለሳል።» ከጻፍኳቸው መጣጥፎች ሁሉ ብዙ አንባቢ ያገኘው እሱ ነው። በአርባ ምናምን ዓመቴ የምታዘዝ ሰው ሳይሆን የሚታዘዙኝ ሰው ሆንኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አርጆ ካለ አንድ ክሊኒክ የመጣ ቅጽ እያየሁ ነበር። ታካሚዋ ጡረታ የወጡ መምህርት፤ የመንጋጋ ጥርስ ነቀላ፤ ቁጥር 36። ስማቸው ትዝ አለኝ። የቆየውን መዝገብ ገለጥኩ። ከስምንት ወር በፊት፣ ያችው ሴት፣ ያው ክሊኒክ፣ ያው ባለሙያ፣ የመንጋጋ ጥርስ ነቀላ፣ ቁጥር 36።

እንደ አዳኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሪፖርቱን ጽፌ ለኃላፊዬ ለወይዘሮ ሰናይት አስረከብኩ። ከአዳማ ተመድባ የመጣች፣ ቀስ ብላ የምታነብ ሴት ናት።

«መምህር፣ ይሄ ሪፖርት ነው ድርሰት?» አለችኝ።

«እውነት ነው።»

«‹ይህ ባለሙያ የሌለውን ጥርስ በመንቀል የተካነ፣ ሳይንስ ገና ያልደረሰበት ጠቢብ ነው።› ይሄ ነው እውነቱ?» መነጽሯን አወለቀች። «ሰውዬውን አይተኸዋል?»

«ቅጹን አይቻለሁ።»

«ኮሚቴው ዓርብ ጠዋት ይቀመጣል። ይሄ ከጸደቀ ውላቸው ይቋረጣል። ክሊኒኩ ያባርረዋል፤ ለፈቃድ ሰጪውም ይጻፋል። ከዚያ በኋላ የትም ሄዶ ጉጠት አይዝም። ሄደህ እይ፣ ከዚያ እፈርማለሁ።»

ማየት ምን ይጨምራል ብዬ ተከራከርኩ። አንድ ሲደመር አንድ ሁለት መሆኑን ለማየት አርጆ ድረስ መሄድ አያስፈልግም አልኳት። «እንግዲያው ለሽርሽር ሂድ» አለችኝ።

ረቡዕ መናኸሪያ ሄጄ መንገዱ ደህና መሆኑን ጠይቄ በሚኒባስ ወረድኩ። ክሊኒኩ ሦስት ክፍል ነው፤ የጥርስ ወንበሩ መጨረሻው ክፍል ውስጥ። በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ መንጋጋቸውን በነጠላ ያሰሩ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ሴቶች። ቦርሳዬንና ክራቫቴን አይተው ሽማግሌው ተጠጉልኝ።

«ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም አባባ። ወረቀት ነው የማየው።»

«ወረቀትም ያመዋል እንዴ?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። አንደኛዋ ስትስቅ ስላመማት ጉንጯን ያዘች።

ባለሙያው እጁን እያደረቀ ወጣ። ገመቹ ይባላል። ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ሕመምተኞቹን በኦሮምኛ «ትንሽ ታገሡኝ» ብሎ ወደ ውስጥ አስገባኝ። ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። እንዲክድ ነበር የፈለግኩት፤ ለክህደቱ የሚሆን ንግግር መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር።

«ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አንድ ጥርስ ሁለት ጊዜ ነቅለሃል ማለት ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ሁለት ጥርስ ነው የነቀልኩት። ሁለቱም መንጋጋ።»

«ታዲያ እንዴት ሁለቱም 36 ይሆናሉ?»

መሳቢያውን ስቦ አንድ የተጣጠፈ ቅጽ አወጣ። ሁለተኛው ነቀላ መጀመሪያ የተጻፈበት ነው። ቁጥሩ 35 ይላል። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ «35 መንጋጋ አይደለም! የመንጋጋ ነቀላ ኮድ ከ35 ጋር አይሄድም። ይታረም።»

«ይሄ የእርስዎ እጅ ነው?» አለኝ። የእኔ እጅ ነበር። ቃለ አጋኖዋም የእኔ ናት።

«ቆጠርኩ፣ አምስተኛ ሆነ» አለ። «ጥርሱ ግን መንጋጋ ነው፤ ሥሮቹን በእጄ ይዤ አይቻለሁ። እርስዎ መለሱት። ኮዱን ወደ ቀላል ነቀላ ብለውጠው ያልሠራሁትን መጻፍ ነው። ቁጥሩን ግን 36 ብዬ ብጽፈው መንጋጋ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ለወጥኩ።»

«የመጀመሪያውስ?»

«እሱም ተቆጥሮ ስድስተኛ ነበር።»

«ሴትዮዋ ሁለት ስድስተኛ ጥርስ አላቸው?»

«እሱ ለእኔም አልገባኝም። በሁለቱም ቀን ፊታቸው አብጦ ነበር፤ አፋቸው ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። የሚያመውን ነቀልኩ፣ ቆጥሬ ጻፍኩ። ውጭ ሰው ተሰልፏል።»

«አንተ ባለሙያ ነህ። ምን ያስቆጥርሃል? የጥርሱን ቅርጽ አይተህ አትጽፍም?»

ግድግዳውን ብቻ አየ። ተከትዬ ስመለከት መመሪያዬ በፕላስቲክ ተለብጦ ከመታጠቢያው በላይ ተለጥፏል።

«ቅርጹን እያየሁ የጻፍኳቸው ተመልሰውብኛል ጋሼ» አለ። «‹በግምት የተጻፈ› ተብለው።»

እዚህ ላይ ልቤ መራራት ነበረበት። አልራራም። በደንብ የተያያዘ ታሪክ የውሸት ምልክት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበርኩ፤ ይህ ታሪክ ደግሞ ጥፋቱን ወደ እኔ የሚያዞር ስለሆነ ይበልጥ ጠረጠርኩት። ሁለተኛ ጥርስ ለመነቀሉ ምን ማስረጃ አለህ አልኩት።

«ማስረጃው አፋቸው ነው። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ ኑኑ ቁምባ ነው ያሉት። ከፈለጉ አብሬዎት ልሂድ።»

«ተከሳሽ ከምስክር ጋር አይሄድም። እንዳትደውልላቸውም።»

«እሺ።» ጓንቱን አነሳ፤ ሳያጠልቀው ቆመ። «ጋሼ፣ እኔ ሌላ ሙያ የለኝም። ዓርብ ስሜን ከማንሳትዎ በፊት አፋቸውን ይዩ። ከዚህ ሌላ አልለምንም።»

ከዚያ ሽማግሌውን ጠራ። ስወጣ ነጠላቸውን እየፈቱ ነበር።

አርጆ አደርኩና ሐሙስ መኪና ቀይሬ፣ ጭቃ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፍተን፣ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ኑኑ ቁምባ ደረስኩ። የአዴ ጫልቱን፣ የእትዬ ጫልቱን ማለት ነው፣ ቤት የማያውቅ የለም፤ ግማሹን ከተማ ሒሳብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በር ላይ ቆመው በዝናቡ ስር ሲያዩኝ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁም።

«አካም ጅርታ? ግባ፣ ግባ። ዝናቡ መታወቂያ አይጠይቅህም።»

የተቀቀለ የበቆሎ እሸት በሳህን አቀረቡልኝ። እኔ እየጋጥኩ፣ እሳቸው ፍሬውን በጣታቸው አንድ በአንድ እየፈለፈሉ በቀኝ ጉንጫቸው ሲያኝኩ፣ የመጣሁበትን፣ ሁለቱን 36፣ የተመለሰውን 35 እና የመመሪያውን አቆጣጠር ነገርኳቸው። ለማጣራት ነው አልኩ።

«ለማጣራት! ወንፊትህ የታለ?» አሉ። «ገመቹ ሌባ ነው ለማለት ነው የመጣኸው። እንዲያ በለኝ።»

«ሊሆን ይችላል እያልኩ ነው። አፍዎን ባየው ይታወቃል።»

ሳህኑን ገፋ አደረጉት። «አንተ ልጅ፣ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ‹አፍሽን ክፈቺ› ያለኝ ገመቹ ብቻ ነው። እሱም እጁን ታጥቦ ነው።»

ተነስቼ እጄን ታጠብኩ።

በስልኬ መብራት አየሁ። ስሌቱን መንገድ ላይ ጨርሼው ነበር። በአንድ በኩል ስምንት ጥርስ አለ። አንድ ብቻ ተነቅሎ ከሆነ ሰባት አገኛለሁ፤ ገመቹ አለቀለት። ሁለት ተነቅሎ ከሆነ ስድስት አገኛለሁ፤ ገመቹ ነጻ ነው። በታች በግራ በኩል ከመሃል ጀምሬ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። አምስት ሆነ።

ስሜቴን ልንገራችሁ፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ሦስተኛ ጥርስ ጠፋ! ብዬ ነው የፈነደቅኩት። ያልተመዘገበ ነቀላ፣ ምናልባት በሌላ ሰው ስም የተከፈለ። ሪፖርቱ በአእምሮዬ ውስጥ አዲስ ምዕራፍ ጀመረ።

«ሦስት ጎድሎዎታል» አልኩ።

«ሁለት ነው የተነቀለብኝ።»

«አዴ ጫልቱ፣ ከስምንት ሁለት ሲቀነስ ስድስት ነው። እርስዎ ያሉዎት አምስት ናቸው።»

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚታይበትን አስተያየት አዩኝ።

«ስምንት ማን ሰጠኝ?»

«ማንኛውም ሰው እኮ…»

«ማንኛውም ሰው የሚባል ሰው አስተምሬ አላውቅም።»

ከዚያ የበቆሎውን ሳህን ወደ መሃል ሳቡትና ስምንት ፍሬ በአንድ መስመር ደረደሩ። «ይሄ ያንተ አፍ ነው። ሦስተኛው ክራንቻ ነው፣ አይደል?» ሦስተኛውን ፍሬ በጣታቸው አነሱና ጎን ላይ አስቀመጡት። «ይሄ ደግሞ የእኔ ነው። ሕፃን ሆኜ ተቅማጥና ትኩሳት ያዘኝ፤ ድዴ አብጦ ነበር። ድዱ ውስጥ ትል አለ ተባለ። አንዲት አዋቂ ተጠርተው ሳይበቅል በብረት ቆፍረው አወጡት። በቀኝ በኩል ኋላ መልሶ በቀለ። በግራ በኩል ቀረ። ሃርሜ፣ እናቴ ናት የነገረችኝ። ክፍተቱም አይታይም፤ የቀሩት ተጠጋግተው ሞሉት። ስለዚህ በግራ ድሮም ሰባት ነበርኩ። ሁለት ተነቀለ፣ አምስት ቀረ። ሒሳቡ ምን አለው?»

ወደ ሳህኑ ጠጋ አልኩ።

«አሁን እንደ መመሪያችሁ ቁጠር። ስድስተኛውን አሳየኝ።»

ቆጠርኩ። ክራንቻው በሌለበት መስመር ስድስተኛ ሆኖ የመጣው ፍሬ በእርግጥ ሰባተኛው ነበር።

«እሱን ነቀለ፤ ‹36› ብሎ ጻፈ። ቀጥል፤ ከሱ ፊት ያለው ስንተኛ ነው?»

«አምስተኛ።»

«እሱ ግን እውነተኛው ስድስተኛ ነው። መንጋጋ ነው። ‹35› ብሎ ሲጽፍ አንድ ብልህ ሰው፣ ‹35 መንጋጋ አይደለም› ብሎ መለሰለት ማለት ነው። ያ ብልህ ማን ነው?»

የበቆሎው ፍሬዎች ሳህኑ ላይ እንደ ጥርስ ተገጥግጠው ያዩኝ ነበር። ገመቹ ሁለት ጊዜ በመመሪያው ቆጥሯል፤ ሁለት ጊዜም መመሪያው አሳስቶታል። ሁለቱን ስህተቶች አጋጭቶ ከእነሱ ወንጀል የሠራው ደግሞ ቀዩ እስክሪብቶ ነው።

«በእኔ ዕድሜ ያለን ብዙዎቻችን እንዲህ ነን» አሉ። «ካላመንከኝ ጎረቤቶቼን ልጥራልህ፣ አፍ ሲከፍቱልህ ዋል። መመሪያውን ማን ነው የጻፈው?»

«ቢሮው።»

«ቢሮ እጅ አለው?»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይደበድብ ነበር። መዋሸት ቀላል የሚሆነው እንዲህ ባለ ጫጫታ ውስጥ ነው፤ ግን አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ።»

አልተቆጡም። ይልቁንም አስተማሪ ለአስተማሪ እንደሚናገር ድምፃቸውን አለሰለሱ። «እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ስህተት ግን ከደወል በኋላ ተደብቄ አጥፍቼው አላውቅም። ሁሉም እያየ ነው የማርመው። አለበለዚያ ደብተራቸው ላይ እንደተሳሳተ ይቀራል።»

የምስክርነት ቃላቸውን ራሳቸው ጻፉ፤ ጥርት ያለ ቀጥ ያለ የሰሌዳ ጽሕፈት፣ ከሥሩ በማስመሪያ የተሠመረ ሥዕል። አፋቸውንም ፎቶ እንዳነሳ ፈቀዱ፤ «ፊቴ እንዳይታይ። የጥርሱን ብቻ። ፎቶ ከተነሳሁ በነጭ ነጠላዬ ነው የምፈልገው።» አመስግኜ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ በምላሴ የራሴን ጥርስ ቆጠርኩ። ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት። ምንም አልጎደለኝም። እናቴ የጎጃም ሴት ናት፤ እዚያም ይህ ልማድ አለ፣ እኔ ላይ አልደረሰም እንጂ። ወለጋን በሙሉ በራሴ አፍ ልክ ስለካው ነበር የከረምኩት።

ዓርብ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ለወይዘሮ ሰናይት ሁሉንም አሳየኋት። እንደ ልማዷ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ጥሩ» አለች። «ሪፖርቱን እናነሳዋለን። ‹የአጻጻፍ ስህተት› እንለዋለን፤ ለባለሙያው ቀላል ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ያንተም ስም አይነሳም።»

ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልታድነኝ ነው የፈለገችው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ለአንድ ደቂቃ ያህል አማረኝ። ማስጠንቀቂያ ማንንም አይገድልም ብዬ አሰብኩ። ግን ያ ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ነገ እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው ይከፍተዋል፤ «ይሄ ሰው ከዚህ በፊትም…» ብሎ ይጀምራል። እንዴት እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ሁልጊዜ የምጀምረው እንደዚያ ነው።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። መመሪያዬን፣ ቀይ የተጻፈበትን ቅጽ፣ የአዴ ጫልቱን ወረቀትና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁ። ሥዕሉ እጅ በእጅ ዞረ። አንደኛው አባል፣ አዛውንት ናቸው፣ ሥዕሉን ይዘው ሌላ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው መቁጠር ጀመሩ። ማንም አልሳቀም።

«መምህር» አለኝ ሌላው፣ «ማክሰኞ ሰውየውን ከሰስክ። ዛሬ ራስህን። ሰኞ ማንን ልትከስ ነው?»

«ሰኞ ዕረፍት እወስዳለሁ» አልኩ።

ውሉ ጸና፤ በገመቹ ፋይል ላይ አንዲት መስመር አልተጻፈችም። ማስጠንቀቂያው ለእኔ ተጻፈ፤ አሁንም አለኝ። መመሪያው ተሻረ፤ ከዚያ ወዲህ ባለሙያው በጥርሱ ቅርጽ ለይቶ ይጽፋል፣ ሳይበቅል የቀረ ጥርስ ካለም በቅጹ ላይ የሚገልጽበት ቦታ ተበጀለት። በቀይ የመለስኳቸውን ቅጾች ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና እንዳይ ታዘዝኩ። እንዲህ ያሉ ሌሎችም ነበሩባቸው።

ከስብሰባው ስወጣ ለገመቹ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አፍ የከፈተ ሰው ይዣለሁ» አለና ዘጋው።

ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። የሁለቱ ሰዓት ዕዳ ነበረብኝ፤ እሱ ከረቡዕ ጀምሮ ሲጠብቅ ነው የከረመው። በመጨረሻ እሱ ደወለ። ነጻ ነህ አልኩት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ በኮሚቴው ፊት መናገሬን ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። የይቅርታ ንግግሬ ረዘም ያለ ነበር፤ ያው ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ቀጥሎም፣

«አዴ ጫልቱ ቁስላቸው ደርቋል? ሲያኝኩ ያማቸዋል?»

አፋቸው ውስጥ መብራት አብርቼ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ፎቶ አንስቻለሁ። በአንድ ጉንጫቸው ብቻ ሲያኝኩ ፊት ለፊት ተቀምጬ በቆሏቸውን በልቻለሁ። ያምዎታል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

«አላየሁም» አልኩት።

«ችግር የለም፣ እደውልላቸዋለሁ» አለ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ይህን ታሪክ ስነግራቸው ሰዎች ወዲያው፣ «አየህ፣ ኮድ ሰውን ቁጥር ያደርገዋል» ይሉኛል። ቅር ይበላቸው እንጂ በዚህ አልስማማም፤ እናንተም እንዲህ ብላችሁ እንዳትገላገሉ። ኮዱ ምንም አላጠፋም። 36 ጥሩ ቁጥር ነው። ትክክለኛው ኮድ በትክክለኛው ጥርስ ላይ ሲጻፍ፣ አንዲት ሴት ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አፏ ውስጥ ምን እንደሆነ የሚናገርላት ምስክር ነው። የተጻፈ ሁሉ ቅዝቃዜ የሚመስለው ሰው የተጻፈለት ቀን አላጋጠመውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም በመቁጠሬ አይደለም። ሌላው ሰው ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ሳልጠይቅ የእኔን አፍ ለሁሉም በመስጠቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅጽ ስመልስ ከመመለሴ በፊት እደውላለሁ። ሥራዬ አዝግሟል። ወይዘሮ ሰናይት ስለ መዘግየቴ በየወሩ ታማርራለች፤ እኔም እንደ ልማዴ እከራከራታለሁ።

አሁንም ተጠራጣሪ ነኝ፤ ያን ለማንም አላስረክብም። እውነተኛ ሌቦችንም ከዚያ በኋላ ይዣለሁ። ግን አንድ ነገር ሲገጥምልኝ፣ በጣም ሲያምርልኝ፣ ሪፖርቱ ራሱን በራሱ መጻፍ ሲጀምር፣ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ሄጄ አያለሁ። እናንተም ሰው የምትከስሱበት ነገር እንዲያ ካማረላችሁ፣ ተጠራጠሩት።

ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔም ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ። ውጤቱን ገመቹ አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ ድምፃቸው ላይ ደስታው ነበር። ውጤቱን ትቼ፣ ቁስሉ እንዴት እንደሆነ፣ ሲያኝኩ ያምዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«የግራው ደህና ነው፣ ደርቋል» አሉ። «አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል አንዱ ጀምሮኛል። ሰኞ ወደ ገመቹ ልሄድ ነው። ቁጥሩን ስንት ብሎ ይጻፍ፣ አንተ መርማሪው?»

«ቁጥሩን እሱ ያውቃል» አልኳቸው።